ከድንች ማሳ የወጣው ፍጥረት ሳላማንደር ነው? ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ ሳላማንደሮች የሕይወት ዑደትስ?

ኩታበር_መምህርት
መርሀባ ጀመዓ። ተማሪዎች ከድንች ማሳ ሲቆፈር የወጣ ፍጥረት በማርማላታ ብርጭቆ ይዘው መጥተዋል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ቅባት እንደነካው የሚያብረቀርቅ፤ እግሮቹ ለሰውነቱ ያጠሩ፤ አንገት የለውም ማለት ይቻላል። አንደኛው ልጅ በስልክ ሥዕል አመሳስሎ «ጉድጓድ የሚቆፍር ሳላማንደር ነው» አለ፤ ክፍሉም አመነው። እውነት ነው ወይ? ካልሆነ በምን ለይቼ ላሳያቸው? እግረ መንገዱንም የእነዚህን ከመሬት ሥር ኗሪ ሳላማንደሮች ሕይወት ከእንቁላል እስከ ጉልምስና የሚያብራራልኝ እፈልጋለሁ። መጽሐፉ የእንቁራሪት ሥዕል አስቀምጦ «ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው» ብሎ አልፎታል።

ቦርከና
አብሽሪ እቴ፤ ሳላማንደር አይደለም። ይህን ፍጥረቱን ሳያዩ መናገር ይቻላል፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚኖር ሳላማንደር የለም። በአህጉሩ ያሉት በሰሜኑ ጫፍ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ነው። የእኛ አገር እንቁራሪት አስተኔዎች (እንቁራሪት፣ ጉርጥና ሳላማንደር የሚመደቡበት ክፍል) ከ60 በላይ ዝርያዎች ሲሆኑ ሁሉም እንቁራሪትና ጉርጥ ናቸው። ከዚህ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ እግር የሌለው፣ የመሬት ትል የሚመስለው ሲሲሊያን። እሱም የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ስኪንክ የሚባለው የእንሽላሊት ወገን ይመስለኛል። ለስላሳ አፈር ውስጥ ስለሚሽሎከለክ ሰውነቱ የሾለና የለሰለሰ ነው፤ ልጆቹን ያሳሳታቸውም ያ ይሆናል። ለማረጋገጥ አጉሊ መነጽር ይበቃል። መጀመሪያ ቆዳውን እዪ፤ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ቅርፊት ካለው እንሽላሊት ነው። የሳላማንደር ቆዳ ቅርፊት የለውም፤ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የጎድን አጥንቶቹ ባሉበት ከጎኑ ቁልቁል የወረዱ መስመሮች አሉት። ቀጥሎ የፊት እግሩን ጣቶች ቁጠሪ። የአብዛኛው ሳላማንደር የፊት እግር አራት፣ የኋላው አምስት ጣት አለው፤ ጣቱም ለስላሳ ነው፣ ጥፍር የለውም። የእንሽላሊቱ ከፊትም አምስት ነው፣ ጫፉ ላይም ጥፍር አለ። ከዓይኑ ኋላ ደግሞ የጆሮ ቀዳዳ ፈልጊ፤ ሳላማንደር የውጭ ጆሮ የለውም።

ብርጭቆውን ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጡት። ክዳኑ ተከድኖ ፀሐይ ከመታው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

ደላንታ_ደጋ
ፈረንጆቹ ይህን ጉድጓድ ውስጥ የሚኖረውን ሳላማንደር በሞል ስም ይጠሩታል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሞልን «ፍልፈል» ብሎ ይተረጉማል። ስሙ ይስማማል ወይ? የእኛ ፍልፈል ሥር የሚበላ፣ ከአይጥ ወገን የሆነ ነው። እነሱ ሞል የሚሉት ግን ትልና ነፍሳት የሚበላ ሌላ እንስሳ ነው። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም፤ ኑሯቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው።

ጦሳ_ሥር
ልክ ነዎት ጋሼ፤ ግን «ፍልፈል ሳላማንደር» ብንል አንባቢው ወዲያው ይገባዋል፤ ሌላ የተሻለ ስምም የለንም። በሳይንሳዊ ስሙ አምቢስቶማ ይባላል። 30 ያህል ዝርያ አለው፤ ሁሉም በሰሜን አሜሪካ ነው፣ ከካናዳ ደቡብና ከአላስካ ጫፍ እስከ መካከለኛው ሜክሲኮ።

የሕይወት ዑደቱን በአንድ ዝርያ ይዤ ልሂድ፤ ሁሉን ካደባለቅን ልጆቹ ይምታታባቸዋል። ባለ ነጠብጣቡ ሳላማንደር ይሁን፤ አምቢስቶማ ማኩላቱም። ጥቁር ነው፤ ከራሱ እስከ ጭራው በሁለት ረድፍ ቢጫ ነጠብጣብ ወርዶበታል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ዓመቱን ከሞላ ጎደል የሚያሳልፈው በደን አፈር ውስጥ፣ ሌላ እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ፣ በበሰበሰ ሥር ቀዳዳ ወይም በግንድ ሥር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ምድር መሞቅ ሲጀምር፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ የመጀመሪያው ሞቅ ያለ ዝናባማ ሌሊት ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ሁለት ነገር መገጣጠም አለበት፤ ማርጠብ የሚችል ዝናብና ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሌሊት። አንዱ ከጎደለ አይንቀሳቀሱም። ወደተወለዱበት ኩሬ በእግራቸው ይሄዳሉ። ኩሬው በዝናብና በበረዶ ውሃ የሚሞላ፣ በበጋ የሚደርቅ ነው። የሚመርጡትም ስለሚደርቅ ነው፤ በሚደርቅ ውሃ ውስጥ ዓሣ አይኖርም።

ወንዶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ግንኙነቱ እንደ እንቁራሪት አይደለም፤ ወንዱ ሴቷን ታቅፎ ዘሩን በእንቁላሉ ላይ አያፈስም። ኩሬው ሥር በወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ላይ የጄሊ ምሶሶ ይተክላል፤ የምሶሶው አናት ላይ ነጭ ጠብታ የመሰለ የነባዘር ጥቅል አለ። ሴቷ ከላዩ ትመጣና በክሎአካዋ (የሽንት፣ የዓይነ ምድርና የመራቢያ የጋራ ቀዳዳ) ከንፈር ታነሣዋለች። እንቁላሉ የሚፀነሰው በሆዷ ውስጥ ነው። ብዙ ወንዶች ከተሰበሰቡ አንዱ የሌላውን ምሶሶ በራሱ ምሶሶ ይደፍነዋል። ሴቷ የምታገኘው የላይኛውን ነው።

ከዚያ በኋላ በሰጠመ ቅርንጫፍ ላይ ጡጫ የሚያክል የእንቁላል ጉብታ ትለጥፋለች። በአንዱ ጉብታ ከ50 እስከ 250 እንቁላል ሊኖር ይችላል። ጄሊው ጠንካራ ነው፤ ከውሃ ቢወጣም ቅርጹን ይዞ ይቆያል። አንዳንዱ ጉብታ እንደ ውሃ የጠራ፣ አንዳንዱ እንደ ወተት የነጣ ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ቀናት ሲቆጠሩ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የተበላሸ መስሏቸው የሚጥሉት ሰዎች አሉ፤ አልተበላሸም። ኦኦፊላ የሚባል ዋቅላሚ (አልጌ) ነው የሚገባበት። ዋቅላሚው ለፅንሱ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ከፅንሱ የሚወጣውን የናይትሮጅን ቆሻሻ ይመገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዋቅላሚው በፅንሱ ሕዋሳት ውስጥ ጭምር ገብቶ እንደሚገኝ ተረጋገጠ። የጀርባ አጥንት ባለው እንስሳ ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉርብትና ከዚያ በፊት አልታወቀም ነበር።

እንደ ውሃው ሙቀት ከ4 እስከ 7 ሳምንት ቆይቶ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከሁለት እስከ አራት ወር በውሃ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ስንጥቡ (በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል) ይከስማል፣ የጭራው ክንፍ ይጠፋል፣ የዓይን ቆብ ያወጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፤ ኩሬውን ትቶ ወደ ደኑ ይገባል። ለመራባት የሚመለሰው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ወንዱ ይቀድማል፣ ሴቷ ትዘገያለች። እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል።

መርሳ_ቆላ
ጥሩ ማብራሪያ ነው። ስለ እጩ ግን ጨምሩበት። ተማሪው «ጭራ አለው፣ ስንጥብ አለው፣ ሣር ይበላል፣ የኋላ እግር ያወጣል» ብሎ የእንቁራሪቱን ነው የሚደግመው።

ጦሳ_ሥር
አራቱም ላይ ልዩነት አለ። የእንቁራሪት እጭ ክብ ሆድ ያለው፣ ውጫዊ ስንጥቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ በቆዳ የሚሸፈን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋቅላሚ እየፋቀ የሚበላ ነው። አንጀቱ ረጅምና የተጠቀለለ ሆኖ በሆዱ ቆዳ በኩል ይታያል። የሳላማንደር እጭ ግን ከመጀመሪያው ቀን አዳኝ ነው። ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ነፍሳትን፣ የቢንቢ እጭንና ትልን አፉን በድንገት ከፍቶ ከውሃው ጋር ይስባል። ሰውነቱ ቀጭን ነው፤ ስንጥቡ ከጭንቅላቱ ኋላ በየጎኑ ሦስት ሦስት ሆኖ እንደ ላባ ይታያል፣ እስኪለወጥ ድረስም አይሸፈንም።

እግር ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። እንቁራሪት መጀመሪያ የሚታይለት የኋላ እግሩ ነው፤ ሳላማንደር የፊቱን ያስቀድማል። አዲስ የተፈለፈለው እጭ እግር ስለሌለው ከጉንጩ በሁለት ወገን እንደ ክር የቀጠኑ ሁለት ዘንጎች አሉት። በእነሱ ተደግፎ ከጭቃው ከፍ ይላል፣ ስንጥቡ በደለል አይደፈንም። የፊት እግሮቹ ሲጠነክሩ ዘንጎቹ ይወድቃሉ። ይህን አንድ ነገር በሥዕል ካሳየሻቸው የእንቁራሪቱን ከዚህ ጋር አያምታቱም።

ኩታበር_መምህርት
አላህ ይስጥልኝ፤ ይኸኛው ገባኝ። አንድ ያልገባኝ አለ፤ ቆዳው እርጥብና ስስ ከሆነ በበጋ ጉድጓድ ውስጥ እንዴት አይደርቅም? ራሱ ይቆፍራል ወይስ የሰው ቤት ነው የሚገባው?

አርዲቦ
ሁለቱም አለ። አብዛኞቹ የሌላውን ጉድጓድ ይጠቀማሉ፤ ጠባቡን በጭንቅላታቸው እየገፉ ያሰፉታል። ነብራማው ሳላማንደር፣ አምቢስቶማ ቲግሪነም፣ ግን ራሱ ይቆፍራል። የፊት እግሮቹን እያፈራረቀ አፈሩን ወደ ኋላ ይገፋል፤ በለስላሳ አሸዋማ አፈር ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠንካራ ዋልካ ላይ አይሳካለትም። የካሊፎርኒያው ዓይነት፣ አምቢስቶማ ካሊፎርኒየንሴ፣ ደግሞ ከመሬት ሽኮኮና ከሌሎች ጉድጓድ ቆፋሪ አይጦች ቤት ተለይቶ መኖር አይችልም። እነዚያ እንስሳት ጉድጓዱን ካልጠገኑት በ18 ወር ገደማ ውስጥ ይደረመሳል፤ ሳላማንደሩም መጠጊያ ያጣል። ይህን አስተውሉት፤ ገበሬው አይጥ አጠፋሁ ብሎ ጉድጓዱን በጭስና በመርዝ ሲደፍን እሱ የማያውቀውን ሌላ ኗሪም ያጠፋል።

ስለ መድረቅ፣ ሳላማንደር አይጠጣም። ውሃ የሚያገኘው በቆዳው ነው፤ በተለይ በሆዱና በጭኑ ሥር በኩል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ አፈሩ ከደረቀ ከሰውነቱ ይወጣል። ስለዚህ ጉድጓዱ መኖሪያም፣ የውሃ ገንቦም ነው። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፤ እርጥበት ያለው ከሥር ነው። ነብራማው ሌላም ዘዴ አለው። በሽንት የሚወጣውን ቆሻሻ፣ ዩሪያን፣ ከማስወገድ ይልቅ በደሙ ውስጥ ያከማቻል። የሰውነቱ ፈሳሽ ሲወፍር ከደረቅ አፈርም ቢሆን ጥቂት ውሃ መሳብ ይችላል፣ የሚያጣውም ይቀንሳል።

አየር እንደሚታሰበው ችግር አይደለም። ደመ ቀዝቃዛ ስለሆነ በቀዝቃዛ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈልገው ኦክስጅን በጣም ትንሽ ነው፤ ከሳንባው በተጨማሪ በቆዳውም ይተነፍሳል። የሚገድለው ውሃ ማጣት ነው። አፈር በታጠበበት፣ ቅጠልና ጥላ በሌለበት መሬት ላይ ወጥቶ አንድ ሌሊት ቢነጋበት በጠዋት ፀሐይ ያልቃል።

ራሱን የሚከላከለው ደግሞ በመርዛም ፈሳሽ ነው። ከዓይኑ ኋላና በጭራው ጀርባ ዕጢዎች አሉት። ሲነኩት ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ጭራውን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘ ነጭ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። ለሰው የሚገድል አይደለም፤ የነካ እጅ ወደ ዓይንና ወደ አፍ እንዳይሄድ መታጠብ ነው።

ቦርከና
ከጦሳ_ሥር ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁሉም በፀደይ ወደ ኩሬ አይወርድም። ባለ ነጭ መስመሩ፣ አምቢስቶማ ኦፓኩም፣ ተቃራኒውን ያደርጋል። ወንዱ ነጭ፣ ሴቷ ግራጫ መስመር አላት። በበልጋቸው መጨረሻ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ኩሬው ገና ደረቅ ሳለ ይመጣሉ። የሚገናኙት በየብስ ነው። ሴቷ በደረቀው ኩሬ ሥር፣ በግንድ ወይም በቅጠል ሥር ጎድጓዳ ሠርታ ከ50 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች፣ ተጠቅልላባቸውም ትቀመጣለች። እንቁላሉ ውስጥ ፅንሱ አድጎ ይዘጋጃል፤ አይፈለፈልም። ዝናብ መጥቶ ኩሬው ሲሞላና ውሃ ሲውጠው ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ያ ምልክት ሆኖለት ይፈለፈላል። ዝናቡ ከዘገየ ይቆያል። እጅግ ከዘገየ እንቁላሉ ይደርቃል ወይም በብርድ ያልቃል።

ለምን ይህን ሁሉ አደጋ ይሸከማል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ይኖራል። ትርፉ ይህ ነው፤ የእሱ እጮች ክረምቱን በኩሬ ውስጥ ስላሳለፉ በፀደይ የባለ ነጠብጣቡ እንቁላል ሲፈለፈል እነሱ ትልልቆች ሆነዋል። ትንንሾቹን ይበሏቸዋል። ቀድሞ የደረሰ ዘሪ እንደማለት ነው።

እርስ በርስ መብላትም አለ። የምዕራቡ ነብራማ እጭ ኩሬው ሲጨናነቅ ከመካከሉ ጥቂቶቹ ሌላ መልክ ይይዛሉ፤ ጭንቅላታቸው ይሰፋል፣ የላንቃ ጥርሳቸው ይረዝማል፣ የራሳቸውን ወገን እየዋጡ ያድጋሉ። የዘር ልዩነት አይደለም፣ መጨናነቁ ነው የሚቀሰቅሰው።

ደላንታ_ደጋ
«በበልጋቸው» ያልከው አልተስማማኝም ልጄ። የእኛ በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚዘንብ ነው፤ የእነሱ ግን ቅጠል የሚረግፍበት የመጸው ወቅት ነው። የወሎ ልጅ በልግ ሲባል ገብስ ነው የሚታየው። «መጸው» በል፤ ወሩንም ጨምር።

ቦርከና
ተቀብያለሁ ጋሼ፤ መጸው ይሁን። እቴ፣ ስታስተምሪ እንዲህ አርሚው።

መርሳ_ቆላ
ስለ አክሶሎትል አልተነሣም። እሱም ከዚሁ ወገን ነው ይባላል፤ ግን መቼም ከውሃ አይወጣም። እጭ ነው ወይስ ጎልማሳ?

አርዲቦ
ጎልማሳ ነው፤ መልኩ ብቻ የእጭ ነው። አምቢስቶማ ሜክሲካኑም ይባላል፤ የተፈጥሮ አገሩ በሜክሲኮ ከተማ አጠገብ ያለው የሾቺሚልኮ የውሃ ቦይ ነው። ስንጥቡንና የጭራውን ክንፍ እንደያዘ ለመራባት ይደርሳል። በአማርኛ ቃል ከፈለግንለት «በልጅነት መልክ መጎልመስ» ብንለው ይገልጸዋል።

ምክንያቱ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ዘንድ ነው። ሌላው እጭ ሊለወጥ ሲል ታይሮክሲን የተባለው ሆርሞን በደሙ ከፍ ይላል፤ የአክሶሎትል ግን ከፍ ሳይል ይቀራል። ሆርሞኑ ቢሰጠው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1864 ከሜክሲኮ ወደ ፓሪስ የተወሰዱት እዚያ ወለዱ፤ በ1865 ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ስንጥባቸውን ጥለው ወደ የብስ ሳላማንደርነት ተለወጡ። እስከዚያ ድረስ ሙሉ እንስሳ ይሁን እጭ የሚያከራክር ነበር።

ፍልፈል ሳላማንደር የሚለውን ስም ከወገኑ ጋር የሚጋራው አንዱ ዝርያ ግን፣ አምቢስቶማ ታልፖይዲየም የሚባለው የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቁ፣ ሁለቱን መንገድ ይዟል። ኩሬው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ካለው ከፊሎቹ እጮች እንደ እጭ ሆነው እዚያው ይራባሉ፤ ኩሬው መድረቅ ከጀመረ ይለወጡና ወጥተው ይቆፍራሉ። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ወንድሞች አንዱ ከውሃ፣ አንዱ ከአፈር ይኖራሉ ማለት ነው። ውሃው ፈጥኖ ሲጎድል መለወጡም ይፈጥናል፤ ዋጋው ግን ትንሽ ሆኖ መውጣት ነው። ትንሽ ሆኖ የወጣው ለመራባት ዘግይቶ ይደርሳል።

አክሶሎትልን ሊያጠፋው የደረሰው ምን እንደሆነ ለሐይቅና ለአርዲቦ ሰው መንገር ያስፈልጋል። የውሃው መቆሸሽና የከተማው መስፋት አንዱ ነው። ሌላው ወደ ቦዩ የተለቀቁት ካርፕና ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያ ናቸው፤ እንቁላሉንና ትንንሾቹን ይበላሉ። ቆሮሶ ለእኛ ምግብ ነው፤ ዓሣ በሌለበት ኩሬ ውስጥ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓሣ የገባበት ኩሬ ለእንቁራሪት እንቁላልም እንዲሁ ነው።

ደላንታ_ደጋ
እንግዲህ ኩሬውን አጥረን ብንጠብቅ ይበቃል?

ጦሳ_ሥር
አይበቃም ጋሼ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኩሬው የሚያገለግለው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የቀረው ሕይወት አፈር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት የተለያዩ የአምቢስቶማ ዝርያዎች ከኩሬ ምን ያህል እንደሚርቁ አስልቶ ነበር። 95 በመቶውን ሕዝብ ለማቀፍ ከኩሬው ዳር 164 ሜትር መሬት ያስፈልጋል የሚል ውጤት አገኘ። ካሊፎርኒያው ከዚህም በላይ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል።

በእኛ ልኬት እናስላው። 20 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ኩሬ ቢሆን፣ ግማሽ ስፋቱ 10 ሜትር ላይ 164 ሲደመር 174 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ 95,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ 9 ሄክታር ተኩል ነው። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ካልን 38 ጥማድ ማለት ነው። ለአንዲት ትንሽ ኩሬ! ኩሬው ታጥሮ ዙሪያው በትራክተር ከታረሰ ወይም መንገድ ከተቆረጠበት፣ በዚያች አንድ ዝናባማ ሌሊት የሚወርዱት ሁሉ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ እንቁላል የሚጥል ይጠፋል።

ኩታበር_መምህርት
እኛ አገር ሳላማንደር ከሌለ ልጆቹ ይህን በዓይናቸው የሚያዩበት ምን አለ? በክፍል ውስጥ የሚሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ጦሳ_ሥር
አለ እንጂ። ያው ችግር፣ ያው መፍትሔ በእኛም አፈር ውስጥ አለ። ሌፕቶፔሊስ ከሚባሉት እንቁራሪቶች አብዛኞቹ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔስ የሚባለው የኢትዮጵያ ደጋ ዝርያ ግን ሣር መሬት ላይ ነው የሚኖረው፣ አፈር ውስጥም ይገባል። አቆፋፈሩ ከሳላማንደር ይለያል። ሳላማንደር በጭንቅላቱና በፊት እግሩ ወደ ፊት ይገፋል፤ እንቁራሪቱ ግን በኋላ እግሩ ነው የሚቆፍር። ተረከዙ አጠገብ እንደ አካፋ የጠነከረ ጉብታ አለ፤ እየተወዛወዘ ቂጡን አስቀድሞ ይሰጥማል፣ ዓይኑ በመጨረሻ ይሸፈናል። ጉርጦችም በበጋ በድንጋይ ሥርና ዋልካው በሰነጠቀበት ይገባሉ።

ለክፍል ሥራ ሐምሌን ጠብቂ። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በአንድ ጎኑ አስተኝተሽ የላይኛውን ጎን በቢላዋ ክፈቺ። ዘይት ወይም ጸረ ተባይ የነበረበት እንዳይሆን፤ የጸረ ተባይ ጀሪካን ቢታጠብም አይለቅም። የኩሬ ውሃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙዪበት። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፉ በተከፈተ ባልዲ ሁለት ቀን ይደር፤ ክሎሪኑ ካልወጣ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። የእንቁራሪት እንቁላል ከአንድ ጥቅል ላይ 10 ያህል ብቻ ውሰዱ፤ የቀረው ኩሬው ውስጥ ይቆይ። 50 አምጥቶ በአንድ ዕቃ ማጎር ነው በብዙ ቦታ ሥራውን የሚያበላሸው። ቆሻሻቸው አሞኒያ ይሆንና ሁሉም በአንድ ሌሊት ይሞታሉ። ነጭ የጥጥ ጭገር ያበቀለ እንቁላል ካያችሁ ያልፀነሰ ነው፤ ፈንገሱ ወደ ጤነኛው እንዳይዛመት በማንኪያ አውጡት።

ዕቃው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ መስኮት ሥር ፀሐይ የሚያገኘው ዕቃ ከሰዓት ላይ ይፈላል። ቆስጣ ቀቅላችሁ ጥፍር የምታክል ቁራጭ በቀን አንዴ ስጡ፤ ያልተበላውን በማግስቱ አንሡ። በየሦስት ቀኑ የውሃውን ሲሶ ቀይሩ፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። የፊት እግር ብቅ ሲል ውሃውን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አውርዱና ተዳፋት ድንጋይ አስገቡ፤ ከላይ አጎበር አልብሱት። በዚህ ሰዓት አየር መሳብ ስለሚጀምር መውጫ ካጣ ውሃ ውስጥ የኖረው ፍጥረት በውሃ ይታፈናል። ምግብም አትስጡት፤ አፉ እየተለወጠ ነው፣ የሚኖረው ጭራውን እያሟሟ ነው።

አርዲቦ
የጦሳ_ሥር መመሪያ ላይ የንጽሕና ጉዳይ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሰየመው የቆዳ ፈንገስ፣ ኪትሪድ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ላይም ተገኝቷል። በ2013 ደግሞ ሳላማንደርን የሚገድለው የዚያው ዘመድ በአውሮፓ ተለየ። የመጀመሪያው የእንቁራሪትን ቆዳ ሲያጠቃ እንስሳው ውሃና ጨው መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ልቡ ይቆማል። የሚተላለፈው በውሃና በጭቃ ነው፤ ከኩታበር ኩሬ የመጣ ጫማ ወደ ቦሩ ሜዳ ረግረግ ሲገባ ይዞት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ጭቃውን መጀመሪያ በብሩሽ አራግፉ፤ ጭቃ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ ጫማውንና መረቡን 10 ደቂቃ አቆዩት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ተዉት። መድረቅ ራሱ ይገድለዋል። ያለቀለቃችሁበትን ኩሬው አጠገብ አትድፉ። ያሳደጋችሁትን የምትለቁት እንቁላሉ ከተነሣበት ኩሬ ላይ ብቻ ነው።

ኩታበር_መምህርት
ብርጭቆውን በአጉሊ መነጽር አየነው። የፊት እግሩ አምስት ጣት፣ ሁሉም ጥፍር አለው። ከዓይኑ ኋላ መርፌ የሚያስገባ የጆሮ ቀዳዳ አለ። ሆዱ ላይ ቅርፊቱ ረድፍ ሠርቷል። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የቆጠሩት። ማሳው ላይ ድንቹ ወጥቶ አልቋል፤ የት እንልቀቀው?

ቦርከና
እንግዲያው ስኪንክ ነው። ማሳው ዳር ድንጋይ ካብ ወይም ቁጥቋጦ ካለ እዚያው፣ ከተገኘበት ከ20 ሜትር ሳትርቁ ልቀቁት። ብርጭቆውን መሬት ላይ በጎኑ አስተኙትና አፉን ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ አዙሩት፣ በእጅ አትጎትቱት፤ ጭራውን ከያዛችሁት ይበጥሰዋል። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ አትልቀቁት፣ ሰውነቱ ካልሞቀ ስለማይሮጥ ወፍ ያነሣዋል። ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ድንጋዩን ሲያሞቀው ይሁን።